መሃለኛው ቫልቭ

ለውድ አባቴ፤

ከነገሩ ሁሉ በፊት ሰላምታዬ ይድረስህ። እንደምን ሰንብተሃል አባዬ? ወገብህስ? የሰው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተጣጥፈህ ውለህ ስትነሳ ቀጥ አድርጎ የሚይዝህ ነገር ተወህ ወይስ «ምንም አይደል» እያልክ አሁንም እማዬን ታናድዳታለህ? ሳልህስ ለቀቀህ? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ነው? አክስቴስ ዓይኗ? ልጆቹስ? ጣሪያውስ ማፍሰሱን አቆመ? በደፈናው «ሁላችንም ደህና ነን» ብትለኝ አላምንህም፤ አንድ በአንድ እየጠራህ ንገረኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ይህ ደብዳቤ ሲጀመር የሚባል ነገር ስለሆነ እንዲሁ የጻፍኩት እንዳይመስልህ። ደህና ነኝ ስልህ ጣቶቼ ሙሉ ናቸው፣ ጆሮዎቼ ይሰማሉ፣ ትንፋሼም በሰላም ይገባል ይወጣል ማለቴ ነው። ፈተናውንም አልፌያለሁ። ይህን ከታች ላቆየው አስቤ ነበር፤ ግን አንተ ክፉ ወሬ ካለ መጨረሻው ላይ ነው የሚደበቀው እያልክ ደብዳቤን ከግርጌው ጀምረህ እንደምታነብ ስለማውቅ ተውኩት። ከላይም ከታችም ብታነበው ያው ነው፤ ልጅህ በሕይወት አለች፣ አልፋለችም። እፎይ በል።

አሁን ትንሽ ልቆጣህ። በሁለት የአየር ሲሊንደር ውሃ ውስጥ ለመጥለቅ ልሠለጥን ነው ብዬ ከጻፍኩልህ ጀምሮ አንድ መስመር በእጅህ አልጻፍክልኝም። የምትጽፍልኝ ታናሽ እህቴ ናት። ጽሑፏ ያምራል፣ አልከፋም፤ ግን እኔ የናፈቀኝ የአንተ የተጋደመው ፊደል ነው። የሆነ ቦታ አንድ ጠላቂ ሞተ የሚል ወሬ ከሰማህ ወዲህ ሬዲዮኑን ከሳሎን አውጥተህ ዕቃ ቤት እንዳስገባኸው፣ ስሜ ሲነሳ ደግሞ የሌለ ሥራ ፈልገህ ወደ ጓሮ እንደምትወጣ ነግራኛለች። አትቆጣት፣ እኔ ነኝ አውጪ ብዬ የጨቀጨቅኳት። በእሷ በኩል የላክልኝ ቃል ደግሞ አጭር ነው፤ «ትመለስ፣ ቤት አለላት» ብለሃል። ይህ ደብዳቤ ለዚያ ቃልህ መልስ ነው። ረዘም ይላልና መነጽርህን አድርገህ ታገሠኝ።

መጀመሪያ ሥራውን በደንብ ላስረዳህ፤ የምትፈራው ነገር ቢያንስ መልኩን እወቀው። እዚህ ያለው ሐይቅ ሰው ሠራሽ ነው፤ ከተማው የሚጠጣው ከእሱ ነው። ውሃው ወደ ትልቁ ቧንቧ ከመግባቱ በፊት በብረት ወንፊት ያልፋል፤ ወንፊቱን ቅጠል፣ ጭቃ፣ ፌስታልና የማይታሰብ ቆሻሻ ሁሉ ይደፍነዋል። አንድ ቀን እንኳ የሕፃን ጋሪ ከነመንኮራኩሩ አውጥቻለሁ። እስካሁን ድረስ እኔ በአንድ ሲሊንደር ላይ ላዩን ያለውን ወንፊት ስፍቅ ነበር። ከግድቡ ሥር ያለው ትልቁ የብረት በር ግን ጥልቅ ነው። እዚያ የሚወርድ ሰው ቶሎ ብሎ ሽቅብ መውጣት አይችልም፤ ደሙ ውስጥ የገባው አየር በቀስታ እንዲወጣ መንገድ ላይ እየቆመ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አንዱ ሲበላሽ ሌላው የሚያወጣው ሁለት ሲሊንደር ያስፈልገዋል። ባለፈው ዙር ፈተናውን ወድቄያለሁ። አሁን ደግሜ ብወድቅ ኖሮ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ተዛውሬ የሌላውን ጠላቂ ልብስ ሳጥብ መኖሬ ነበር። ይህን አልነገርኩህም ነበር፤ ጭንቀቱ ለእኔ ይብቃ ብዬ ነው።

ሁለቱ ሲሊንደሮች እንዴት እንደተያያዙ ለአንተ ማስረዳት ድፍረት ነው፤ ብታየው በአንድ ቅኝት ትጨርሰዋለህ። ጎን ለጎን ጀርባ ላይ ይታሰራሉ። አናታቸውን አንድ አጭር ቧንቧ ያገናኛቸዋል። ቀኝ አንድ ቫልቭ፣ ግራ አንድ ቫልቭ፣ በሚያገናኘው ቧንቧ ወገብ ላይ ደግሞ መሃለኛው ቫልቭ አለ። ከቀኙ የሚወጣው ረጅሙ ጎማ ወደ አፌ ይመጣል፤ የሚያንሳፍፈኝን የአየር ከረጢትም የሚነፋው እሱ ነው። ከግራው አጭር ጎማ ወጥቶ መለዋወጫው መተንፈሻ በላስቲክ አገጬ ሥር ይንጠለጠላል፤ የአየሩን ልክ የሚያሳየው ጌጅም ከግራው ነው። መሃለኛው ክፍት ሲሆን ሁለቱ ሲሊንደሮች እንደ አንድ ናቸው። አንዱ ጎን ቢፈነዳ ወይ ቢያፈስ ግን መሃለኛውን ትዘጋና የቀረውን ታድናለህ። እነዚህ ሁሉ ቫልቮች ያሉት ማጅራትህ ላይ ነው። በዓይንህ አታያቸውም፣ በእጅህ ብቻ ነው።

የወደቅኩትም በእጄ ምክንያት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሥልጠናው ሲጀመር ዕቃ ቤት ገብታችሁ ምረጡ ተባልን። አብሮኝ የሠለጠነው ሰው ድሮ ግንበኛ ስለነበረ ሁሉም «ግንበኛው» ነው የሚለው፤ ትከሻው በር አይበቃውም። እሱ ሄዶ ትልልቆቹን የብረት ሲሊንደሮች አነሳ። እኔስ ከማን አንሼ? ሴት ስለሆነች ትንሽ ሰጧት እንዳይሉኝ ብዬ ልክ የሱን ዓይነት አነሳሁ። አሠልጣኛችን ጥቂት የሚናገር ሰው ነው። ነገር ሁሉ በእርጋታ ይሁን ስለሚል «አቶ ቀስ በል» ብለን ስም አውጥተንለታል፤ ስሙን ያውቀዋል፣ ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፈዋል። ሲያየኝ፣ ተሸክመሽው ደረጃውን ውረጂና ተመለሺ ብቻ አለኝ። ወረድኩ። አመጣጤን ባታይ ይሻላል፤ ግንበኛው ሲሚንቶ የተጫነች አህያ አስታወስሽኝ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ክብደቱስ ውሃ ውስጥ ይቀላል። የከፋው ርዝመቱ ነው። ሲሊንደሩ ለእኔ ቁመት ረጅም ስለሆነ መቀመጫዬን እንዳይመታኝ ከፍ ሳደርገው ጭንቅላቴን ይመታኛል፤ ዝቅ ሳደርገው ደግሞ ቫልቮቹ እጄ ከማይደርስበት ትከሻዬ መሃል ይገባሉ። አቶ ቀስ በል ውሃ ውስጥ ዝጊ ብሎ በእጁ ሲያመለክተኝ ክንዴ ወደ ማጅራቴ ይሄድና ትንሽ ሲቀረው ይቀራል። እታገላለሁ፣ አየር እጨርሳለሁ፣ ትንፋሼ ይቆራረጣል። በመጨረሻ ትከሻዬን በእጁ ነካ አድርጎ ውጪ አለኝ። የወደቅኩት እንዲያ ነው። አልጋዬ ላይ ተኝቼ አለቀስኩ፤ ያኔ የጻፍኩልህ ደብዳቤ አጭር የነበረው ለዚያ ነው።

በማግስቱ አቶ ቀስ በል ዕቃ ቤት ጠራኝ። ግንበኛውም ተከትሎ መጣ፤ የእሱ ጉዳይ ባይሆንም የማይገባበት የለም። ለምን በጎኗ አታንጠለጥለውም፣ ቫልቩ ብብቷ ሥር ይሆንላት ነበር ብሎ ተከራከረልኝ። አሠልጣኙ ሐሳቡን አልናቀም። እሱም ጥሩ ነው፣ ዋሻ ውስጥ የሚገቡ ሰዎች እንደዚያ ይወዱታል አለ። ግን የኛ ሥራ በጎን መፋቂያና መብራት ያስይዛል፤ ሲሊንደሮቹም የተለያዩ ስለሚሆኑ ከአንዱ ወደ ሌላው መተንፈሻ እየቀያየርሽ መሥራት አለብሽ፣ እጅ ሥራ ሲይዝ ደግሞ ይረሳል አለኝ። አሉሚኒየሙንስ ብዬ ጠየቅኩት፤ ቀለል ይላል ብዬ። አሉሚኒየም አየሩ ሲያልቅ ሽቅብ ያነሳሻል፣ እሱን ለመከላከል የእርሳስ ክብደት ትጨምሪያለሽ፣ ታዲያ ምኑን ቀለለ አለኝ። ከዚያ ከመደርደሪያው ጥግ አጫጭርና ትናንሽ የብረት ሲሊንደሮች አወጣ። አቧራ ጠጥተዋል። ኩራትሽን እዚህ አስቀምጪና እነዚህን ሞክሪ ብሎ ሰጠኝ።

አየሩ ያንሳል ስለው እኔንና ግንበኛውን አፈራርቆ አየን። አንቺ የምትተነፍሺው የሱን ግማሽ ነው፤ የሱን ሲሊንደር መሸከም ለምን አስፈለገሽ አለኝ። ግንበኛው እኔ ምን በደልኩ ብሎ አኮረፈ። ማሰሪያውን አስፈታኝና ሲሊንደሮቹን ቫልቮቹ ጸጉሬን እስኪነኩ ድረስ ከፍ አደረጋቸው፤ የትከሻ ቀበቶዬንም አላላው። የጎማ ልብሴ ብብቱ ላይ ጠባብ እንደሆነ ያየውም እሱ ነው። ልብስ የምትጠግነው ሴት ዘንድ ልኮኝ ከራሱ ዓይነት ጎማ ቆርጣ ጨመረችልኝ። ከዚያ በኋላ እጄን ወደ ኋላ ስልክ፣ አባዬ፣ ቫልቩ መዳፌ ውስጥ ገባ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ክፍሌ ውስጥ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ምግብ ተራ ስጠብቅ፣ ሁልጊዜ እጄን ማጅራቴ ላይ አድርጌ ቀኝ፣ መሃል፣ ግራ እያልኩ መለማመድ ሆነ ሥራዬ። አብራኝ የምትኖረው ምግብ አብሳይ ብዙ ቀን ታግሣኝ በመጨረሻ ቅማል አለብሽ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ።

አሁን ወደ ፈተናው ልግባ። ይህን ስታነብ እንዳትደነግጥ፤ ጻፊዋ ሻይ እየጠጣች ነው የምትጽፍልህ።

ጠዋቱ ብርዳም ነበር፤ ሐይቁ ላይ ነፋስ አለ። ከመግባታችን በፊት ሁሉንም ቫልቮች በእጃችን መንካት ደንብ ነው። የቀኙን ከፈትኩ፣ የግራውን ከፈትኩ፣ መሃለኛውን ሞከርኩት፤ አልዞርም አለኝ። ተከፍቶ ጥግ ደርሶ ነው ብዬ ተውኩት። ጌጁን አየሁ፣ ሙሉ ነው። ከግንበኛው ጋር ጎን ለጎን ወረድን፤ አቶ ቀስ በል ከኋላችን ሆኖ ይከታተላል። የብረቱ በር ጋ ደርሰን ሥራ ጀመርን። እኔ የበሩን ብረቶች እፍቃለሁ፣ ግንበኛው መብራት ይይዝልኛል። በየመሃሉ ጌጄን አያለሁ፤ መርፌው ንቅንቅ አይልም። ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ? ኩራት! ይሄውልህ ረጋ ብዬ፣ ትንፋሽ ቆጥቤ፣ አየር እንኳ የማላባክን ጠላቂ ሆንኩ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። የሚጠጣ ሰው ካለ የቆጣሪ መርፌ እንደሚዞር የማውቅ የቧንቧ ሠራተኛ ልጅ፣ መርፌ ቆሞ ሳይ ራሴን አደነቅኩ። እንዲህ ያለ ጅልነት ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ከእናቴ ወገን ይሆናል። ይህን ለእማዬ አታንብብላት።

ትንሽ ቆይቶ አየሩ ከበደኝ። ስስበው አይመጣም፤ በቀጭን መምጠጫ ወፍራም ነገር እንደ መሳብ ያለ ነው። አንድ ጊዜ ደግሜ ሳብኩ፣ የመጣው ትንሽ ነው። ከረጢቴን ልነፋ ቁልፉን ስጫን እሱም ዝም አለ። ክው አልኩ። ጌጁን ሳየው አሁንም ሙሉ ይላል።

አባዬ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ እዚያች ቅጽበት ላይ ሽቅብ መሮጥ አማረኝ። ሰውነቴ ሁሉ ወደ ላይ ወደ ላይ አለ። ግን ትዝ ያለኝ ጎረቤታችን ቤት ቧንቧ የፈነዳ ቀን ነው። ሰው ሁሉ ባልዲ ይዞ ሲጮህና ሲራኮት አንተ ግድግዳው ሥር ቆመህ ነበር። እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ ለምን አትሮጥም ብዬ እጅህን ስጎትት፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳላውቅ ምኑን ልንካ አልከኝ። ግድግዳውን በዓይንህ ተከትለህ ሄደህ አንድ ቫልቭ ዘጋህ፣ አለቀ። እኔም ቆምኩ። የአፌን አውጥቼ አገጬ ሥር ያለውን መለዋወጫ ጎረስኩ። አየር መጣ! የቀዘቀዘ፣ ደረቅ፣ ጎማ ጎማ የሚል አየር፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር በሕይወቴ የለም። ለግንበኛው በመብራቴ ምልክት ሰጠሁት። ከዚያ በሐሳቤ ቧንቧውን ተከተልኩት። በግራው እተነፍሳለሁ፣ ጌጁም የግራው ነው፣ ሙሉ ነው። ቀኙ ባዶ ነው። ሁለቱ እንደ አንድ መሆን ሲገባቸው አንዱ ሞልቶ አንዱ ካለቀ መሃሉ ተዘግቷል ማለት ነው።

እጄን ወደ ማጅራቴ ላክኩት። ደረሰ። ትናንሾቹን ሲሊንደሮች ባልመርጥ ኖሮ አይደርስም ነበር። መሃለኛውን ያዝኩና ወደ መክፈቻው አዞርኩት። መጀመሪያ ጠበቀ፣ ቀጥሎ እሺ አለ። ከሞላው ወደ ባዶው ሲሄድ ሹሹሹ የሚል ድምፅ ጆሮዬ ሥር ሰማሁ፤ የጌጁ መርፌም ዓይኔ እያየ ወደ ግማሽ ወረደ። ሁለቱም መተንፈሻዎች ሠሩ። አቶ ቀስ በል ፊት ለፊቴ መጥቶ ዓይኔን አየኝ። አውራ ጣቱን ወደ ላይ አደረገ፤ እኛ ዘንድ እንውጣ ማለት ነው። በደንቡ፣ እየቆምን፣ በቀስታ ወጣን። መንገዱን ሁሉ ግንበኛው ክንዴን ይዞኝ ነበር።

ላይ ስንደርስ አልቅሼ ሳላበቃ ምርመራው ተጀመረ። መሃለኛውን ማን ዘጋው? ሲሊንደሮቹን የምትሞላው ሴትዮ ከአየር መሙያ ማሽኗ ተነስታ መጣች፤ ልጆቼን እንዲህ ያድርጋቸው፣ እኔ መሃለኛውን አልነካሁም እያለች ትምላለች። የሞላችው በግራው በኩል ስለሆነ፣ መሃሉ ተዘግቶ ግራው ብቻ ሞልቷል፣ ቀኙ የቆየውን ተራፊ አየር ይዞ ቀርቷል። እሷም ልብ አላለችም። እኔ ደግሞ እጆቼን አየኋቸው፤ ወዲያው ገባኝ። ከፈተናው በፊት በነበረው ቀን ልምምድ ጨርሼ ሲሊንደሮቹን ሳወርድ የቀኙን ዘጋሁ፣ የግራውን ዘጋሁ፣ እጄ ሳይጠይቀኝ መንገዱን ቀጥሎ መሃለኛውንም ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል። መሃለኛው ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ መቀመጥ አለበት፤ ይህን ስንት ጊዜ ተምሬያለሁ። ግን አባዬ፣ ያ የእኔ እጅ አይደለም፣ የአንተ ነው። ስንት ቤት መፍቻህን ይዤ ተከትዬሃለሁ? ሥራ ስትጨርስ ያገኘኸውን ቫልቭ ሁሉ ዘግተህ፣ ባለቤቱ ራሱ ይክፈተው ብለህ ነው የምትወጣው። እኔ ነኝ የዘጋሁት አልኳቸው። አባቴ የቧንቧ ሠራተኛ ነው ብዬ ሳስረዳ አቶ ቀስ በል ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ ታየ።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ አንቺስ መለዋወጫ ነበረሽ አለኝ። ግንበኛው አየር አልቆበት ወደ አንቺ ቢመጣ የምትሰጪው የትኛውን ነው ብሎ ጠየቀኝ። የምሰጠው ከአፌ ያለውን ነው፤ ረጅሙ ጎማ ረጅም የሆነው ለጓደኛ እንዲደርስ ነው። ያ ደግሞ ባዶ የሆነው ጎን ነው።  ግንበኛውን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ቀልደኛው ሰው እሱም አልቀለደም፤ ፎጣውን አውጥቶ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝና ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ መሃለኛውን ሳልዘጋ መልሼ ሳልከፍት፣ ዙሩን በጣቴ ሳልለካ አልነቃነቅም። ሲሊንደር የምትሞላው ሴትዮም ከመሙላቷ በፊት በሁለቱም በኩል ጌጅ ማሰር ጀምራለች።

ወደቅኩ ብዬ ልብሴን ሰብስቤ ነበር። አቶ ቀስ በል ግን ገና ፈተናው አላለቀም፣ ነገ ትጨርሺዋለሽ አለኝ። በማግስቱ ነፋሱ ቆሞ ሐይቁ ረግቶ ነበር። ወረድኩ። መርፌው በደንቡ ቀስ እያለ ሲወርድ ሳይ ደስ አለኝ፤ አየር እያለቀብኝ ደስ ሲለኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። የቀረውን ሁሉ ሠራሁ፤ ዝጊ ሲለኝ ዘጋሁ፣ ክፈቺ ሲለኝ ከፈትኩ፣ ረጅሙን ጎማ ለግንበኛው ሰጠሁት፣ እሱም ጥርግ አድርጎ ተነፈሰበት። ስንወጣ አሠልጣኙ መነጽሩን እያራገፈ፣ ያለፍሽው ትናንት እዚያ ታች በራስሽ ችግር ፈትተሽ ስትወጪ ነው፣ የዛሬው ለወረቀቱ ነው አለኝ። ሌላ አልተናገረም። ግንበኛው ግን በእሱም ፈንታ ተናገረ፤ ግቢው ሁሉ ሰምቷል።

አሁን ወደ ቃልህ ልምጣ። ቤት እንዳለኝ አውቃለሁ። ያንን አውቄ ባልመጣ ኖሮ እዚህ አንድ ሳምንት አልቆይም ነበር። ግን አባዬ፣ አልመለስም። ሥራውን ወድጄዋለሁ። አንተ ዕድሜህን ሙሉ የቧንቧው ጫፍ ላይ፣ የሰው ማድ ቤት ውስጥ ነህ፤ እኔ ደግሞ መነሻው ላይ ነኝ። ወንፊቱን ስፍቅ እዚህ ከተማ ውስጥ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ቧንቧዋን ከፍታ ውሃ ስታገኝ ይታየኛል። ሌላ ሙያ የያዝኩ ይመስልሃል እንጂ የያዝኩት የአንተን ነው።

የሥራው ውል ተዘጋጅቶ ቢሮ ተቀምጧል። አልፈረምኩም። ኃላፊዋ ምን ትጠብቂያለሽ ስትለኝ የአባቴን ደብዳቤ አልኳት። ለአቅመ ሔዋን ከደረስሽ ቆየሽ እኮ፣ የአባት ፈቃድ ማን ጠየቀሽ ብላ ገረማት። ማንም አልጠየቀኝም አልኳት። ጥቂት ጊዜ ሰጥታኛለች፣ ብዙ አይደለም። ከከለከልከኝ እቀራለሁ ብዬ አልዋሽህም፤ እፈርማለሁ፣ እገባለሁም። ግን ተቀይመኸኝ እንድወርድ አታድርገኝ። ከብረቱ ትንሹን መርጬ መሸከም ችያለሁ፤ የአንተ ቅያሜ ግን ትንሽ የለውም። ስለዚህ እባክህ አንድ ጊዜ በራስህ እጅ ጻፍልኝ። «ፈቅጃለሁ» ማለቱ ካቃተህ አትበል። «ደብዳቤሽ ደርሶኛል» ብለህ ስምህን ጻፍበት፤ እሱን ደረቴ ላይ ይዤ እወርዳለሁ።

እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ከጎማው ልብስ ሥር ገብቶ አብሮኝ እየጠለቀ እንደሆነ ንገራት። አክስቴን ዓይኗን ችላ እንዳትል፣ ሐኪም ቤት የምትወስዳት አንተ ራስህ እንድትሆን እለምንሃለሁ፤ ለሌላ ሰው እሺ አትልም። ለታናሽ እህቴ ምስጢር ስላወጣች እንዳልተቀየምካት ፊቷ ላይ ንገራት፤ ትምህርቷን ግን ትበርታ። ታናሹ ወንድሜ ገንዳ ውስጥ ትንፋሽ ይዞ መቆየት እንዳይለማመድ፣ ይህን የምለው እኔ መሆኔን ጨምረህ ንገረው። ከግድግዳችን ማዶ ያሉትን ጎረቤቶቻችንን፣ ቧንቧቸው ደህና ከሆነ፣ ሰላም በልልኝ። አንተን ደግሞ እጆችህን እስማለሁ፤ ሁለቱንም።

ልጅህ

ከሐይቁ ዳር፣ ከሠራተኞች መኖሪያ
ግንቦት ፲፱ ቀን